አስቸኳይ! የኢንዶኔዥያ የነጻነት በዓል ባነር ወደ እንግሊዝኛ

ዮግያካርታ_ያለሁ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኢንዶኔዥያኛ የምትችሉ ድረሱልኝ፤ ባነሩ ዛሬ 2 ሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል። የሰፈሩ ሊቀመንበር (እዚህ ፓክ ኤርቴ ነው የሚባለው) «አንተ ተማሪ ነህ፣ እንግሊዝኛ ታውቃለህ» ብሎ የኦገስት 17ን ፕሮግራም ጣለብኝ። ስልኬ ላይ ያለው መተርጎሚያ ጉድ ሠራኝ። «መንግሄኒንግካን ቺፕታ»ን ፈጠራን ዝም ማሰኘት አለው። «ዲርጋሃዩ ሁት ኤርኢ ከ-80»ን ደግሞ ልደቱ ለዘላለም ይኑር። «ማላም ቲራካታን»ን ጭራሽ እንዳለ ተወው። ሌላውን እወጣዋለሁ፣ እነዚህን ሦስቱን ብቻ።

የሸገር_ልጅ፦
2 ሰዓት በማን? በእኛ ከሆነ እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ማተሚያ ቤቱ አያድርም እንዴ?

ዮግያካርታ_ያለሁ፦
በዚህ አገር ማታ 2 ሰዓት! እናንተ ጋ 10 ሰዓት ማለት ነው። ቀልዱን ለነገ።

ታሪክ_ወዳድ፦
መጀመሪያ በዓሉን እንወቅ። የነጻነት መሪዎቹ ሱካርኖና ሃታ ነጻነት ያወጁት ኦገስት 17 ቀን 1945 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 1937። ዓርብ ጠዋት፣ ጃካርታ፣ ፔጋንግሳን ቲሙር መንገድ ቁጥር 56፣ ሱካርኖ ቤት ደጃፍ ላይ። ባንዲራውን የሰፋችው ባለቤቱ ፋትማዋቲ ናት። ከ10 ዓመት በኋላ ባንዱንግ ላይ የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ሲጠራ ኢትዮጵያም ተገኝታ ነበር። ይህን ሳይዙ መተርጎም…

ዮግያካርታ_ያለሁ፦
ጋሼ፣ ባነር ነው። ሦስት ሜትር ጨርቅ።

ፈጣን_መልስ፦
ሌላ መተርጎሚያ ሞክር።

አዳማ_12፦
መተርጎሚያ ቀይር ወንድሜ፣ ሌላ አለ።

ቀልደኛው፦
ወንድሜ፣ የካቲት 12 ቀን ስድስት ኪሎ ቆመህ አታውቅም? ኮፍያህን አውልቀህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ ከኋላህ ያለው ሰውዬ ሲያስል እየሰማህ? መንግሄኒንግካን ቺፕታ ማለት እሱ ነው፤ የኅሊና ጸሎት። «ሄኒንግ» ጭጭ ያለ ነው፣ «ቺፕታ» እዚህ ጋ ሐሳብ። እንግሊዞቹ ሞመንት ኦፍ ሳይለንስ ይሉታል። በል ቡና ጋብዘኝ።

ሱራባያ_የኖርኩ፦
ቀልደኛው ልክ ነው። እኔ የምለው ግን የኢንዶኔዥያኛው ጽሑፍ ራሱ ስህተት አለበት። ዲርጋሃዩ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፣ ረጅም ዕድሜ ማለት። «ሁት» ልደት፣ «ኤርኢ» የኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ ምሕጻር፣ «ከ-80» ሰማንያኛ ነው። ረጅም ዕድሜ የሚመኙት ለሪፐብሊኩ እንጂ ለልደቱ በዓል አይደለም። «ከ-80» መጨረሻ ላይ ሲገባ ደግሞ ሰማንያኛዋ ሪፐብሊክ ይመስላል፤ ሰማንያ ሪፐብሊክ ያላቸው ይመስል! ትክክሉ «ዲርጋሃዩ ሪፑብሊክ ኢንዶኔዥያ» ነው፣ ወይም «ሰላማት ሁት ከ-80 ኤርኢ»። እዚያው አገር በየዓመቱ ይሳሳቱታል፣ በየዓመቱም የቋንቋ ሰዎች ያርማሉ። ለእንግሊዝኛው «ሰለብሬቲንግ 80 ይርስ ኦፍ ኢንዶኔዥያን ኢንዲፔንደንስ» ይበቃል። ለፓክ ኤርቴ ስትነግረው ቀስ ብለህ፣ ሽማግሌ ነው።

ግእዝ_በቃል፦
ለመሆኑ ለምን ይተረጎማል? «እንኳን አደረሳችሁ»ን በእንግሊዝኛ አስቀምጠህ ታውቃለህ? ዲርጋሃዩን እንዳለ ተወውና ከስር በትንሹ ግለጸው። የውጭ ተማሪዎቹም አንድ ቃል ይዘው ይሂዱ።

ዮግያካርታ_ያለሁ፦
ወንድሜ፣ ትርጉም የጠየቁት የውጭ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ቲራካታንስ?

ሱራባያ_የኖርኩ፦
የኦገስት 16 ሌሊት ነው። ጃቫ ውስጥ ሰፈርተኛው ምንጣፍ አንጥፎ ይቀመጣል፣ ይጸልያል፣ ሽማግሌ ያወራል፣ ከዚያ ቱምፔንግ የሚሉት ሾጣጣ ሩዝ ጫፉ ይቆረጣል። እኔ «ኢንዲፔንደንስ ኢቭ ጋዘሪንግ» እል ነበር።

ግእዝ_በቃል፦
«ቪጂል» አይሻልም? ዋዜማ ነው እኮ፣ ጸሎትም አለው።

ሱራባያ_የኖርኩ፦
ቪጂል ሲባል ፈረንጁ ሻማ ይዞ ለቅሶ የሚመጣ ይመስለኛል።

የሸገር_ልጅ፦
ፍልሰታ ላይ ነህ አይደል? እጅን አስረው በአፍ ከሚበሉት የክሩፑክ (በዘይት የተጠበሰ ስስ ቂጣ) ውድድር ራቅ። ሽሪምፕ ያለበትም አለ።

አዳማ_12፦
ሰውዬው ጠፋ። ሰዓቱ አልፏል። ቲራካታንን ምን ብሎ አሳተመው?

ቀልደኛው፦
ፓንጃት ፒናንግ ላይ ወጥቶ ይሆናል። ቅባት የተቀባ ግንድ ነው፣ ሽልማቱ ጫፉ ላይ ይሰቀላል፤ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቆሞ ካልሆነ አይደረስም። የደብረ ዳሞ ገመድ ይሻላል።