መርማሪው እውነቱን ለማን ይናገር?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መቼቱ አዲስ አበባ የሆነ የወንጀል ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ መጨረሻው ግን አልፈታ ብሎኛል። መርማሪው አንድ ወጣት የጥበቃ ሠራተኛን ደብድቦ ግድያ እንዲያምን አድርጎታል። ወጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚያስቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ተፈርዶበት ወህኒ ወርዷል። እውነተኛው ገዳይ በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ሁሉንም ለመርማሪው ተናዝዞ አረፈ።

የግድያው ሰለባ እናት ደግሞ «ፍርድ አገኘሁ» ብላ ጥቁር ልብሷን አውልቃለች። ቡና አፍልታ መርማሪውን ስታመሰግነው ሲኒው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ብዕሬ አልሄድ አለ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) መሠረት ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። ይግባኙ ካለቀ በኋላስ? መርማሪው ድብደባውን ቢያምን መዝገቡ በምን መንገድ ይከፈታል? የመጨረሻ ፍርዶችን የሚመረምረው ሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ስለሆነ በዚያ በኩል ለመጻፍ አልደፈርኩም። ንጹሕ ሰው ታስሮ ዝም የሚል ባለታሪክ ይዤ መጽሐፉን መዝጋት አልፈልግም። የሕግ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ። ሐዘን የደረሰባችሁም ንገሩኝ፦ ያቺ እናት እውነቱን ከማን አፍ ብትሰማ ይሻላታል?