ለፕሮግራሚንግ ቋንቋ በዩዝኔት አዲስ ቡድን ለማስከፈት

ጥያቄ፦ ቀለበት (የተጠቃሚ ስም)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንድ ትንሽ ፈንክሽናል ቋንቋ የሚነሱ ጥያቄዎች እስካሁን የሚለጠፉት በዩዝኔት (ሰዎች በርእስ በተከፋፈሉ ቡድኖች የሚወያዩበት የኢንተርኔት መረብ)፣ ኮምፕ.ላንግ.ሚስክ በተባለው የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ቡድን ላይ ነው። ስሪት 2 ከወጣ ወዲህ መልእክቱ ስለበዛ በኮምፕ.ላንግ (የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ክፍል) ሥር ራሱን የቻለ ቡድን እንዲከፈት ሐሳብ ላቀርብ ነው። ስሙ ላይ የስሪቱን ቁጥር ብጨምርበት፣ አወያይም (መልእክት ከመውጣቱ በፊት አይቶ የሚፈቅድ ሰው) ቢኖረው ብዬ አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ድርና ማግ
መጀመሪያ ድምፅ ለማሰባሰብ አይድከሙ። በድሮው ደንብ ድምፅ የሚሰጠው ከ21 እስከ 31 ቀን ነበር፤ ሐሳቡ የሚያልፈው ድጋፉ ከተቃውሞው በ100 ሲበልጥና ቢያንስ እጥፍ ሲሆን ነው። ያ ቀርቷል፤ አሁን ውይይቱን ተከታትሎ የሚወስነው ኮምፕን ጨምሮ ስምንቱን ዋና የዩዝኔት ክፍሎች የሚያስተዳድረው ቦርድ ነው።

ቦርዱን የሚያሳምነው ቆጠራ ነው። ያለፉትን 3 ወራት መልእክቶች ይዩና ስንት ርእስ እንደተከፈተ፣ ስንት የተለያዩ ሰዎች እንደጻፉ ለይተው ያቅርቡ። አምስት ሰዎች እየተመላለሱ የጻፉት 200 መልእክት ብዙም አያሳምንም፤ 40 ሰዎች የጻፉት 100 ይሻላል። ኮምፕ.ላንግ.ፓይተን በ1994 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የቋንቋው ተጠቃሚዎች አስቀድመው በኢሜይል ዝርዝር ይወያዩ ነበር። ተወያይ ካለ ቡድኑ ጸንቶ ይቆማል፤ ባዶ ቡድን ከፍቶ ሰው መጠበቅ ግን ብዙ ጊዜ አይሳካም።

መተዳደሪያው አጭር ይሁን፦ ምን እንደሚፈቀድ፣ ማስታወቂያና የፋይል አባሪ እንደማይፈቀድ። የኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ብልሽት ሪፖርት እዚያ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ የሚለውን በግልጽ ይጻፉት፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ከዚያ ነው።

መልስ፦ ነጠላ ሰረዝ
የስሪት ቁጥሩን ይተዉት። ስሪት 3 ሲመጣ ስሙ ያረጃል። ከዚያ የባሰው ቴክኒካዊ ነው፦ በነጥብ የተለየ የስም ክፍል አኃዝ ብቻ ሊሆን አይገባም። በተለመደው የሰርቨር አቀማመጥ ቡድኑ ማውጫ (ፎልደር)፣ እያንዳንዱ መልእክት ደግሞ በቁጥር የተሰየመ ፋይል ነው። መጨረሻው «.2» የሆነ ቡድን ከወላጅ ቡድኑ (ስሙ ያለ «.2» ከሆነው) ሁለተኛ መልእክት ጋር ይጋጫል።

አወያዩንም አልደግፍም። አወያይ ባለው ቡድን ሰርቨሩ መልእክቱን አያትመውም፤ ወደ አወያዩ ኢሜይል ይልከዋል። አወያዩ ሲጠፋ ቡድኑ ድምፁ ይጠፋል፤ ጸሐፊዎቹም የላኩት የት እንደገባ አያውቁም። የግድ ካስፈለገ ቢያንስ ሁለት አወያዮች ይኑሩ። ክፍት የነበረን ቡድን በኋላ ወደ አወያይ ማዞርም አስቸጋሪ ነው፤ ለውጡን ያልተቀበሉ ሰርቨሮች መልእክቱን አወያዩ ሳያየው ማሰራጨታቸውን ይቀጥላሉ።

ቀለበት፦
አመሰግናለሁ፤ ቁጥሩንም አወያዩንም አውጥቻለሁ። ቦርዱ ከፈቀደ በኋላ ቡድኑ በሁሉም ሰርቨር በራሱ ይከፈታል?

መልስ፦ ድርና ማግ
አይከፈትም። የሚሰራጨው በፒጂፒ (የዲጂታል ፊርማ መሣሪያ) የተፈረመ የመክፈቻ ትእዛዝ ነው፤ ፊርማውን የሚያረጋግጥበት ቁልፍ የሌለው ሰርቨር ትእዛዙን ችላ ሊለው ይችላል። በሳምንት ውስጥ ካልታየዎት ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ ጽፈው በእጅ እንዲጨምሩት ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ወር መልእክቶችን በአዲሱም በኮምፕ.ላንግ.ሚስክም አንድ ላይ ይለጥፉ። «ምላሽ ወደ» (Followup-To፣ መልሶች የሚለጠፉበትን ቡድን የሚወስነው) የሚለውን ራስጌ ግን ወደ አዲሱ ብቻ አያዙሩት። ቡድኑ ገና ያልደረሰው ሰርቨር ላይ ያለ አንባቢ ጥያቄውን በድሮው ቡድን በኩል ያያል፤ መልስ ሲጽፍ ግን ሰርቨሩ «እንዲህ ያለ ቡድን የለም» ብሎ ይመልስበታል።