የኩባውን የሚሳይል ቀውስ በ40 ደቂቃ እንዴት ላስተምር? «ማን አሸነፈ?» ለሚለውስ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዝቃዛውን ጦርነት እጀምራለሁ። ለኩባው የሚሳይል ቀውስ የደረሰኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ 63 ተማሪዎች አሉ። ፕሮጀክተር የለኝም፤ ያለኝ ጠመኔ፣ ሰሌዳና አንድ የዓለም ካርታ ነው።

አምና ያስተማርኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳይል ተከለች፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመርከብ ከበባ አደረገ፤ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሚሳይሉን መለሰ» ብዬ ጨረስኩ። አንድ ልጅ «ማን አሸነፈ?» አለኝ፤ «አሜሪካ» አልኩት። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ተነሥታ «አሜሪካ ካሸነፈች በቱርክ የነበሩት የራሷ ሚሳይሎች ለምን ተነሡ?» ስትል ደወሉ ተደወለ። ልጅቷ መልስ ሳታገኝ ወጣች። ዘንድሮ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም።

ሌላው ችግሬ ቀኖቹ ናቸው። መጽሐፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ልጆቹ ይምታታባቸዋል። ምን ልተው፣ ምን ልያዝ? እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ የሥራ ባልደረባሽ ከጎንደር

እህቴ፣ ከቀኖቹ ልጀምር፤ እነሱ ቀላል ናቸው። ሁሉንም ወደ እኛ አቆጣጠር መልሺው። የስለላው አውሮፕላን ዩ-2 ሳን ክሪስቶባል አካባቢ ሚሳይሎቹን ፎቶ ያነሣው ጥቅምት 4 ነው። ኬኔዲ ፎቶውን ያየው ጥቅምት 6፣ ለሕዝቡ በቴሌቪዥን የተናገረው ጥቅምት 12፣ የባሕር ከበባው የጀመረው ጥቅምት 14፣ ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን እንደሚነቅል ያስታወቀው ጥቅምት 18። ዓመቱ 1955 ነው። ከበባው የተነሣው ኅዳር 11 ነው። በቱርክ የነበሩት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳይሎች ሚያዝያ ላይ ተነቅለው አለቁ። በከባቢ አየር የኒውክሌር ሙከራን የከለከለው ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 29 ነው። ይህ ሁሉ በእኛ አንድ ዓመት ውስጥ ያልቃል። በፈረንጆቹ ለሁለት የሚከፈለው ታሪክ ለልጆችሽ ከዘመን መለወጫ እስከ ጳጉሜን የሚገባ አንድ ታሪክ ነው። በሰሌዳው አናት ላይ «1955» ብለሽ ጻፊና ከዚያ አትውጪ።

ምን ልተው ላልሽው ደግሞ፣ አሥራ ሦስቱንም ቀን ለማስተማር አትሞክሪ። አንዷን ቀን ውሰጂ፤ ቅዳሜ ጥቅምት 17ን። ከዚያ በፊት የነበረውን በአምስት ደቂቃ ተናገሪ፤ ፊደል ካስትሮ ኩባ ውስጥ ሥልጣን ያዘ፤ በሚያዝያ 1953 አሜሪካ ያስታጠቀቻቸው 1,400 ያህል ስደተኛ ኩባውያን በአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራ ሞክረው ተሸነፉ፤ ክሩሽቼቭ ኩባን ለመጠበቅም፣ በረጅም ርቀት ሚሳይል አሜሪካ ያላትን ብልጫ በአቋራጭ ለማካካስም ሚሳይሎቹን በድብቅ ላከ። ይበቃል።

ቅዳሜዋ ግን ትዘርዘር። ባለፈው ሌሊት ከክሩሽቼቭ የደረሰው ደብዳቤ ልመና ያለበት ነበር። እኛና እናንተ የጦርነትን ቋጠሮ ከሁለት ጫፍ አንጎትተው፤ በጎተትነው ቁጥር ይጠብቃል፤ ይላል። ዋሽንግተን በዚያ ደብዳቤ ተስፋ አድርጋ ስታድር፣ ጠዋት በሞስኮ ሬዲዮ ሌላ ደብዳቤ ተነበበ፤ የቱርክ ሚሳይሎችም ይነሡ የሚል። ወዲያው በኩባ ላይ አንድ ዩ-2 በሶቪየት ሚሳይል ተመትቶ አብራሪው ሻለቃ ሩዶልፍ አንደርሰን ሞተ። ተኩሱን ሞስኮ አላዘዘችም፤ እዚያው ኩባ የነበሩ መኮንኖች ናቸው ያዘዙት። በዚያው ቀን ሌላ ዩ-2 አቅጣጫ ስቶ ሳይቤሪያ ሰማይ ውስጥ ገባ። ከሁለቱ መሪዎች አንዳቸውም ይህን ሁሉ አልፈለጉትም ነበር። እኔ ሳስተምር የማደርገው ልጆቹ እዚህ ላይ እንዲቆሙ ማድረግ ነው፤ «አንተ ኬኔዲ ብትሆን ዛሬ ማታ ምን ታደርጋለህ?» እላለሁ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የባሕር ኃይል ቴክኒሻን

ልጆቼ፣ የጎንደሩ መምህር የዚያን ቅዳሜ ትልቁን ነገር ዘለለው። ሶቪየቶች አራት በናፍጣ የሚሠሩ ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ኩባ ልከው ነበር፤ እያንዳንዳቸው የኒውክሌር አረር ያለው አንድ አንድ ቶርፒዶ ይዘዋል። አሜሪካኖቹ ይህን አያውቁም። ቅዳሜ ማታ ቢ-59 የተባለችውን አግኝተው ወደ ላይ እንድትወጣ ምልክት ለመስጠት ትናንሽ የመለማመጃ ቦምቦች ይጥሉባት ጀመር።

እኔ በሰርጓጅ መርከብ አልሠራሁም፤ አገራችንም አልነበራትም። ነገር ግን ምጽዋ ላይ በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ዓመታት ስላሳለፍሁ ሙቀቱ በሰው አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እነዚያ መርከቦች ለሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር የተሠሩ ናቸው። በካሪቢያን አካባቢ ውስጣቸው ከ45 ዲግሪ በላይ ደረሰ፤ ባትሪው ደከመ፤ አየሩ ተበላሸ፤ ከሞስኮ ጋር መነጋገር አልተቻለም። በዚህ ላይ ፍንዳታው ብረቱን ሲመታው ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው በርሜል ውስጥ ተቀምጦ ከውጭ በመዶሻ የሚደበደብ ያህል ነው። አዛዡ ሳቪትስኪ ከላይ ጦርነት ተጀምሯል ብሎ አስቦ ያን ቶርፒዶ እንዲያዘጋጁ አዘዘ፤ በመርከቧ ላይ የነበረው የብርጌዱ ሹም ቫሲሊ አርኪፖቭ አረጋጋው፤ መርከቧም ወደ ላይ ወጣች። ይህን የተናገረው በመርከቧ ላይ የነበረው ቫዲም ኦርሎቭ ነው፤ ዓለም የሰማው ከ40 ዓመት በኋላ ሃቫና ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው።

መምህርት፣ አደራ፣ የኬኔዲንና የክሩሽቼቭን ስም ስትጽፊ የአርኪፖቭን ከሥራቸው ጻፊ።

መልስ፦ ተርጓሚ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ የተናገሩት ይጻፍ፤ ልጆቹ ግን የአንድ ሰው ምስክርነት መሆኑንም ይወቁ። ታሪክ ስናስተምር «እንዲህ ሆነ» እና «እዚያ የነበረ ሰው እንዲህ አለ» የሚሉትን መለየት ከቀኑና ከስሙ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

እኔ የምመልሰው ያቺ ከኋላ የተቀመጠችውን ልጅ ነው፤ ትክክል ነበረች። ቅዳሜ ማታ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ የሶቪየቱን አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒንን ቢሮው ጠርቶ አነጋገረው። በይፋ የሚባለው፣ ሶቪየት ሚሳይሎቿን ትነቅላለች፣ አሜሪካም ኩባን ላለመውረር ቃል ትገባለች የሚል ነው። በቃል ብቻ የተጨመረው ደግሞ የቱርኮቹ ጁፒተሮች በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚነሡ ነው። በጽሑፍ አይሰፍርም፤ ከተወራ ስምምነቱ ይፈርሳል። በሁለተኛው ቀን ዶብሪኒን ይህንኑ የሚጠቅስ የክሩሽቼቭ ደብዳቤ ሲያመጣ ሮበርት ኬኔዲ በማግስቱ መልሶ ሰጠው። ከፕሬዚዳንቱ አማካሪዎች እንኳ የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ከኬኔዲ ወገን በአደባባይ የታመነው በጥር 1981 ነው፤ ሞስኮ ላይ በተደረገ ስብሰባ።

ስለዚህ «አሜሪካ አሸነፈች» የሚለው ትረካ ለሩብ ምዕተ ዓመት የቆመው ግማሹ ውል ተደብቆ ነው። ክሩሽቼቭ ያገኘውን ነገር ለገዛ ጓዶቹ በአደባባይ ማሳየት አልቻለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሥልጣን ሲያወርዱት ከከሰሱበት ነገር አንዱ ይኸው የኩባ ጉዳይ ነበር። እኔ ብሆን ለልጆቹ እንዲህ እላለሁ፦ ሁለቱም ሰጡ፤ አንደኛው የሰጠውን እንዲደብቅ ተፈቀደለት።

መልስ፦ የቀድሞ የደሴቷ ተማሪ

ሁላችሁም ስለ ዋሽንግተንና ስለ ሞስኮ ጻፋችሁ። ሚሳይሎቹ ተተክለው የነበሩት ግን በማን አገር ነው?

አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ከሞተ በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት ሕፃናት አንዱ ነኝ። የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት ላይ ተምሬ አደግሁ፤ ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የመንደሪን እርሻ ላይ። እዚያ ይህ ታሪክ «የሚሳይል ቀውስ» አይባልም፤ «የጥቅምት ቀውስ» ይባላል። ሩሲያውያን ደግሞ «የካሪቢያን ቀውስ» ይሉታል። ለዚህ አንድ ጉዳይ ሦስት ስም መኖሩ ብቻውን የግማሽ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።

ፊደል ካስትሮ ሚሳይሎቹ ሊነቀሉ መሆኑን ያወቀው ውሳኔው ለዓለም ሲነገር ነው። ማንም አላማከረውም። እርግጥ እሱም የዋህ አልነበረም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ሌሊት ለክሩሽቼቭ በጻፈው ደብዳቤ አሜሪካ ኩባን ከወረረች ሶቪየት ቀድማ በኒውክሌር እንድትመታ መክሮ ነበር፤ ክሩሽቼቭ በዚህ ደንግጧል። ይህንንም ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ኩባን ስለምወድ ብዬ አልደብቅም። ሃቫና ላይ ሕዝቡ «ኒኪታ፣ የተሰጠ ነገር አይነጠቅም» እያለ ዘፈነ። ካስትሮ አምስት ጥያቄ አቀረበ፤ ከነዚያ አንዱ በኩባ ምድር ያለው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ጓንታናሞ ይመለስልን የሚል ነበር። ማንም አልመለሰለትም። የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች ኩባ ምድር ላይ እንዲገቡም አልፈቀደም።

ካስትሮን ሊያባብል ከሞስኮ የተላከው የክሩሽቼቭ ምክትል አናስታስ ሚኮያን ነው። ሃቫና በደረሰ ሰሞን ሞስኮ ውስጥ ሚስቱ ሞተች። ለቀብር አልተመለሰም፤ ልጁን ልኮ እሱ ከካስትሮ ጋር ሲከራከር ከረመ። ይህን ያስተማሩን የኩባ አስተማሪያችን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ ሚኮያንን ተናድደውበትም አዝነውለትም።

ምክሬ ይህ ነው፦ ተማሪዎቹን በሦስት ቡድን ክፈያቸው፤ ሞስኮ፣ ዋሽንግተን፣ ሃቫና። ሁለቱ ደብዳቤ ይጻጻፉ። ለሃቫና ምንም አትስጪ።

ጠያቂዋ፦ ከትምህርቱ በኋላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ትናንት አስተማርኩት።

በሦስት ከፈልኳቸው። ዋሽንግተን በመስኮቱ በኩል፣ ሞስኮ በግድግዳው በኩል፣ ሃቫና በመካከል። ደብዳቤው ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተላለፈ እንዲሄድ አደረግሁ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የተቀመጠው ልጅ ቆሞ አንዴ ማንበብ አለበት። የሞስኮ ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያው መልስ ሳያገኝ ደረሰ፤ ዋሽንግተኖች «የትኛውን እንመልስ?» ብለው ተጨቃጨቁ። ሃቫናዎች መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ፤ በኋላ አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ ደብዳቤው በእኛ በኩል እያለፈ ለእኛ አንድም የለም?» አለኝ። የዚያን ጊዜ ስለ ካስትሮ ነገርኳቸው። የአርኪፖቭ ስምም ከኬኔዲና ከክሩሽቼቭ ሥር ተጽፏል፤ ጋሼ፣ አደራዎን አልበላሁም።

«ማን አሸነፈ?» የሚል አልተነሣም። ሌላ ጥያቄ ግን ተነሣ፤ አልመለስኩትም፤ «ሰኞ» ብዬ አሳደርኩት። «ደብዳቤው ባይዘገይ ኖሮ ይሻል ነበር ወይስ ይብስ ነበር? በስልክ ቢነጋገሩ ተናድደው ወዲያው ይተኩሱ ነበር» የሚል ነው። ምን ልበል?

መልስ፦ ተርጓሚ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን የጠየቀው ልጅ ይመስገን። ለሰኞ ሁለቱን መዘግየት ለይተሽ አሳዪያቸው።

አንደኛው የጠቀመ ነው። ኬኔዲ ፎቶውን ካየ በኋላ ለሕዝብ እስኪናገር ድረስ ስድስት ቀን በምስጢር መከረ። በመጀመሪያው ቀን ሚዛኑ በአውሮፕላን ወደ መደብደብ ያዘነበለ ነበር። በዚያው ቀን ቢወስኑ ኖሮ ኩባ ትደበደብ ነበር፤ እዚያ ደግሞ 42,000 ያህል የሶቪየት ወታደሮችና አሜሪካኖቹ ያላወቋቸው አጭር ርቀት የሚሄዱ የኒውክሌር መሣሪያዎች ነበሩ። ከበባውንም «ከበባ» አላሉትም፤ በዓለም ሕግ ከበባ የጦርነት ድርጊት ስለሆነ «ኳራንቲን» አሉት። ያ ቃል የመጣው ለማሰብ ጊዜ ስለነበራቸው ነው።

ሁለተኛው የጎዳ ነው። ያ የቋጠሮው ደብዳቤ ሞስኮ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ዋሽንግተን ተተርጉሞ ለመድረስ ግማሽ ቀን ያህል ፈጅቷል። ዶብሪኒን ደግሞ የምስጢር ቴሌግራሙን ለማስላክ የቴሌግራፍ ኩባንያው ልጅ በብስክሌት መጥቶ እስኪወስድለት ይጠብቅ እንደነበር በኋላ ጽፏል። ክሩሽቼቭ የመጨረሻ ውሳኔውን በሬዲዮ ያስነበበው ደብዳቤው እንዳይዘገይበት ፈርቶ ነው።

ልጁ የፈራውን ነገር መሪዎቹም ፈርተውታል። በሰኔ 13፣ 1955 ሁለቱ መንግሥታት ቀጥታ መስመር ለመዘርጋት ሲስማሙ ስልክ አልመረጡም። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ቀይ ስልክ በዚያ መስመር ላይ አልነበረም። በአንዱ ጫፍ የተተየበው በሌላው ጫፍ በወረቀት ታትሞ የሚወጣበት የጽሕፈት መኪና ነበር፤ አሜሪካ በእንግሊዝኛ፣ ሶቪየት በሩሲያኛ ትጽፋለች፤ ተቀባዩ ይተረጉማል፣ ያነባል፣ ከዚያ ይመልሳል። ድምፅ ቁጣን ያሳያል፤ ከአፍ የወጣ አይመለስም፤ ወረቀት ግን ሁለቴ ይነበባል። ሥራ የጀመረው ነሐሴ 24 ነው። ከዋሽንግተን የተላከው የመጀመሪያው የሙከራ መልእክት ፈጣኑ ቡናማ ቀበሮ በሰነፉ ውሻ ጀርባ ላይ ዘለለ የሚል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ፊደላት የያዘ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ማሽኑ ፊደል የሚስት መሆን አለመሆኑን ለመፈተሽ ነው። ልጆቹን በአማርኛ ፊደላችን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብትያቸው ግን እስከ ጳጉሜን አይጨርሱም።

ጠያቂዋ

ሰኞ የጽሕፈት መኪናውን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። ሃቫናዎችን ደግሞ ቦታ ቀይሬ ዋሽንግተን አደርጋቸዋለሁ፤ ቃል አስገብተውኛል።