እናቴ ስኳር አለባት፣ ደረጃ አትወጣም፤ ብቻዋን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ልትመጣ ነው

ማሂ ከሜሪላንድ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች። እናቴ ቪዛ አገኘች፣ ተመስገን። በሚቀጥለው ወር ከቦሌ ተነስታ ዋሽንግተን ትገባለች። ግን አብሯት የሚመጣ ሰው የለም። ስኳር ስላለባት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጉልበቷንም ያማታል፤ ሜዳ ላይ በከዘራ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን በፍጹም አይሆንላትም። እንግሊዝኛ አትችልም። ኢንሱሊኑን የት ትያዘው? ፍተሻ ላይ ይቀሟታል እንዴ? ሰዓቱ ሲቀየርስ መቼ ትውጋ? ዊልቸር ይከፈልበታል? ወንድሜ «ቦሌ ስትደርስ ትጠይቃለች» ይላል፣ እኔ ግን ልቤ አልረጋም።

ትኬት ቢሮ የሠራሁ፦
ማሂ፣ በዚህ ላይ ወንድምሽን አትስሚው። ዊልቸር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት አየር መንገዱ ጋ ተደውሎ ትኬቱ ላይ መመዝገብ አለበት። «ዊልቸር» ብለሽም አትተይው፣ ሦስት ዓይነት ነው። ደብሊው ሲ ኤች አር የሚባለው ሩቅ መሄድ ለማይችል፣ ደረጃ ግን ለሚወጣ ሰው ነው። ደብሊው ሲ ኤች ኤስ ደረጃ ለማይችል፣ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ እስከ ወንበሩ በራሱ ለሚሄድ ነው። ደብሊው ሲ ኤች ሲ ጭራሽ መራመድ ለማይችል ነው። ለእናትሽ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። በስልክ ሲወራ ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ ቆሞ መንገደኛው በአውቶቡስ ሲወሰድ ግን ያ ረጅም የብረት ደረጃ ፊት ለፊት ይመጣል፣ እናም በመጀመሪያው ኮድ የተመዘገበች እናት እሱ ሥር ስትደርስ «በሉ ይውጡ» ልትባል ትችላለች። ደረጃ አይችሉም ተብሎ ከተመዘገበ ግን ወደ በሩ የሚያነሳ መኪና ቀድሞ ይዘጋጃል።

ክፍያ የለውም። አሜሪካ በ1986 ያወጣችው ሕግ አካል ጉዳተኛ መንገደኛ ላይ አድልዎ ይከለክላል፤ ወደ አሜሪካ የሚበሩ የውጭ አየር መንገዶችንም ይይዛል። ከተቸገራችሁ «ሲ አር ኦ አገናኙኝ» በሉ። የዚህ ዓይነት ቅሬታ የሚፈታ ኃላፊ በአካል ወይም በስልክ ማቅረብ ግዴታቸው ነው።

ነርስ ነኝ፦
ኢንሱሊኑ በምንም ተአምር ከሻንጣ ጋር እንዳይሄድ! እቃ መጫኛው ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ተመልሶ ቢቀልጥም አይሠራም። በእጅ ቦርሳ ይያዙት፣ ከሚያስፈልጋቸው እጥፍ አድርጋችሁ። ማቀዝቀዣ ካደረጋችሁለትም ብልቃጡ በረዶውን በቀጥታ አይንካ። የጀመሩት ብልቃጥ በመደበኛ የክፍል ሙቀት ለሳምንታት ይቆያል፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ይበላሻል ብለሽ አትጨነቂ። መርፌውም ሆነ መድኃኒቱ ፍተሻ ላይ እንዳያስቸግር ሐኪማቸው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፣ ካርቶኑም ከነስሙ አብሮ ይሁን።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፣ ወደዚህ ሲመጡ ቀኑ ይረዝማል። መጠኑን እዚህ ማንም አይንገርሽ። የበረራውን ፕሮግራም ለሐኪማቸው አሳዩትና በአማርኛ ይጻፍላቸው፤ የእጅ ሰዓታቸውም እስኪያርፉ በአዲስ አበባ ሰዓት ይቆይ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የምግብ ሰዓት ደርሷል ብለው ይወጉና ትሪው ይዘገያል። ወይ ደግሞ ጾም ይሆንና ቅቤ ወይ ሥጋ ነክቶታል ብለው ከጠረጠሩ አይቀምሱትም። መርፌው ግን ገብቷል! ስኳራቸው የሚወርደው ያኔ ነው። ስለዚህ ከምግብ ጋር የሚወሰደውን ትሪው ፊታቸው ሳይቀመጥ እንዳይወጉ ንገሪያቸው። የጾም ምግብም ቀድመሽ እዘዢላቸው። ከረሜላ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ይሁን፤ ከላይ የተሰቀለ ቦርሳ ውስጥ ያለ ከረሜላ እጅ ሲንቀጠቀጥ ማን ያወርደዋል?

ሀና፦
ነርሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። የእጅ ቦርሳውን ማን እንደሚያዘጋጅ ግን አስቢበት። ዘመድ ሁሉ በርበሬና ሽሮ ይዞ ይመጣና መድኃኒቱ ወደ ትልቁ ሻንጣ ይገፋል። ለመድኃኒት ብቻ የምትሆን፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይግዙላቸው። ውስጧም በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይግባ፦ «ስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ኢንሱሊን እወስዳለሁ፣ ካላበኝ ወይም ከተደናገርኩ ጣፋጭ ስጡኝ»። የአንቺም ስልክ ይኑርበት።

የአባቱ ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ለማሂ ሳይሆን ለሌሎቻችን። አባቴ መራመድ አይችልም። ከበረራ ሲወርድ በሩ ላይ ዊልቸር እስኪደርሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ቋንቋ ስለማይችሉ ብቻ የተጠየቀላቸው ጤነኛ ሰዎች ቀድመውት ይወስዱታል። እባካችሁ፣ ችግሩ ቋንቋ ብቻ ከሆነ «ሚት ኤንድ አሲስት» የሚባል አገልግሎት ጠይቁ። አብሮ የሚሄድ ሰው ይመድቡላችኋል።

ማሂ ከሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ደወልኩ፣ ትኬቱ ላይ ምንም የተመዘገበ ነገር አልነበረም። አሁን ደረጃ እንደማትችል ገብቷል፣ የጾም ምግቡም ታዟል። አንድ ቀረችኝ፦ ስትወርድ ውስጥ ገብቼ ልቀበላት እችላለሁ?

ትኬት ቢሮ የሠራሁ፦
ኢሚግሬሽን ጋ አያስገቡሽም። ግን ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣቸውን አስነስቶ እስከ መውጫው በር ያመጣቸዋል። እዚያው በሩ ላይ ጠብቂያቸው። የምታርፉበትን አድራሻ ግን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርጊላቸው፣ መኮንኑ ይጠይቃቸዋል።