ጥቆማ፦ ለ3ዲ አኒሜሽን ስክሪፕት (ሥራን በራሱ የሚሠራ የትእዛዝ ጽሑፍ) ለመጀመር ከሶፍትዌሮቹ ብሌንደር ይሻላል ወይስ ማያ?

ጀማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ200 ኦብጀክት ስም መቀየርና የገጸ ባሕሪውን ኪፍሬሞች (እንቅስቃሴው የተመዘገበባቸውን ነጥቦች) በሙሉ 12 ፍሬም ወደፊት መግፋት አለብኝ። በእጅ የማይሞከር ነው። የቱ ይቀላል?

ፍሬም24፦ ብሌንደር። ፕሪፈረንስ ውስጥ ኢንተርፌስ ላይ ፓይዘን ቱልቲፕስን (ፓይዘን ስክሪፕቱ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው) አብራ፤ ማውዝህን በተን ላይ ስታሳርፍ ትእዛዙን ያሳይሃል። ኢንፎ ኤዲተርን ከፍተህ ሥራውን አንዴ በእጅህ ሥራው፤ አብዛኛው በፓይዘን ተጽፎ ታገኘዋለህ።

ሪገር፦ ማያ ነው እንጂ! ስክሪፕት ኤዲተር ላይ ኤኮ ኦል ኮማንድስን (የምትሠራውን በትእዛዝ የሚያሳየውን) አብራ። የጻፍከውን መርጠህ በመሃለኛው የማውዝ ቁልፍ ወደ ሼልፍ (የበተኖች መደርደሪያ) ብትጎትተው በተን ይሆንልሃል። ከማያ ሌላ አልመክርም።

ሌየር፦ የሁለቱም ይቅርና ዝግጁ ስክሪፕት እንዳትገዛ። ለአፍተር ኢፌክትስ (የቪዲዮ ኢፌክት ሶፍትዌር) የገዛሁት ባዶ ሌየሮችን (ንብርብሮችን) ያጠፋል ተብሎ አንዱን እያጠፋ ቀጣዩን ይዘላል። በUndo (የሠሩትን መሻሪያ) ለመመለስም ያሰቃያል፤ አንዱ ሌየር ሲመለስ ሌላው ይቀራል።

ኖድ፦ @ሌየር ምክንያቱ ግልጽ ነው። 3ኛው ሲጠፋ 4ኛው 3ኛ ይሆናል፤ ሉፑ (ሌየሮቹን ተራ በተራ የሚያየው ትእዛዝ) ግን ወደ 4 አልፏል። ከመጨረሻው ሌየር ጀምሮ ወደ 1 ይቁጠር። ሥራውን በሙሉ በአንድ የUndo ግሩፕ ውስጥ አስገባው፤ ያኔ በአንድ Undo ሁሉም ይመለሳል።

ሌሊት፦ ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ሬንደር የምታደርጉ፣ ማለት የመጨረሻውን ምስል የምታወጡ ደግሞ፣ ብሌንደር ትእዛዞቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው የሚፈጽመው። ሬንደር አድርግ የሚለው መጨረሻ ላይ ካልሆነ ከኋላው የጻፋችሁት የፍሬም ገደብ አይሠራም።

ኖድ፦ ስለ ሬንደር ማን ጠየቀ? ልጁ የጠየቀው ስለ ኪፍሬም ነው፣ እስካሁን የመለሰለት የለም።

ከርቭ፦ ወንድሜ፣ ብሌንደር ላይ ኪፍሬሙን «ሲኦ» (co፣ የኪፍሬሙ ቦታ) በሚለው ብቻ ከገፋኸው ሃንድሎቹ (የከርቩን ቅርጽ የሚይዙት እጀታዎች) ባሉበት ይቀሩና ከርቩ (የእንቅስቃሴው መስመር) ይጣመማል። «ሲኦ ዩአይ» (co_ui) የሚለውን ተጠቀም፣ ሃንድሎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ሪገር፦ ማያ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ጀማሪ፦ @ከርቭ እግዜር ይስጥልኝ። አንዳንዶቹ ኦብጀክቶች ግን 24 ፍሬም ሄዱብኝ?

ከርቭ፦ አንድ አክሽን (የኪፍሬሞች ስብስብ) የሚጋሩ ናቸው። በኦብጀክት ስትዞር ያው አክሽን ሁለቴ ይገፋል። የገፋኸውን አክሽን ስም መዝግበህ ሲደገም ዝለለው። የኦብጀክቶቹን ስም ከመቀየርህ በፊት ግን ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርግ።