የአባቴ አቮሜትር ስንት ያወጣል?

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ካረፈ በኋላ ዕቃውን ስናገላብጥ አንድ ጥቁር አቮሜትር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካ የኤሌክትሪክ መለኪያ) ወጣ። ሞዴል 8 ነው፣ የእንግሊዝ ሥሪት፣ ሁለት ማዞሪያ ያለው፣ ግራው ለዲሲ (እንደ ባትሪ ላለው) ቀኙ ለኤሲ (እንደ ቤት መብራት ላለው)፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ። የቆዳ ማንጠልጠያው ተሰነጣጥቋል። ስንተኛ ማርክ (የሞዴሉ ስንተኛ ዕትም) እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ተፍቋል፤ መለያ ቁጥሩ ግን መስታወቱ ሥር ይነበባል፣ መጨረሻው 1064 ነው።

ትልቁን 1.5 ቮልት ባትሪ ከተትኩበትና የመኪና ባትሪ ለካሁበት። 12.5 አካባቢ አነበበ፣ ከዲጂታል መለኪያዬ ጋር እኩል። ትልቁ የኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ሬንጅ ግን አይሠራም፣ 15 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል፣ መርካቶን ዞሬ አጣሁት። የድሮው ባትሪ ፈስሶ ቦታውን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። አንዴ ደግሞ ኦም ላይ እንዳለ ረስቼ ቮልት ስለካበት መቁረጫ ቁልፉ (መሣሪያው እንዳይቃጠል ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) ቷ ብሎ ተነሳ። ልቤ ቀጥ አለ! መልሼ ስጫነው ሠራ፣ ተመስገን።

አሁን አንድ ነጋዴ ሳይሞክረው እንኳ 3,000 ብር ልስጥህ ብሎኛል። መቸኮሉ ነው የከነከነኝ። ሞዴል 8 ገዝታችሁ ወይም ሸጣችሁ የምታውቁ፣ በዚህ ይዞታው ስንት ብዬ ልጥራው?