«ርዕደ መሬት» እና «የመሬት መንቀጥቀጥ» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ ሁለቱ ስሞች በትርጉም ይለያያሉን? አጻጻፉስ «ርዕደ» ነው ወይስ «ርእደ»?

መልስ (ከጎንደር)፦ በትርጉም አንድ ናቸው። «ርዕደ» የግእዝ ቃል ሲሆን ፊደሉም ዐይኑ «ዐ» ስለሆነ በ«ዕ» መጻፉ ትክክል ነው፤ ከዚሁ ግስ የወረደው «ራደ» ዛሬም «ጉልበቱ ራደ» ስንል አለ። «ተንቀጠቀጠ» ደግሞ ደምቢያ ላይ ወባ ለያዘው ሰው የምንለው የዘወትር ቃል ነው። የግእዙ ወንጌል «ድልቅልቅ» ይለዋል፤ ይህን ቃል ባነበብሁ ቁጥር የጥምቀት ከበሮ ሲደለቅ ከእግሬ ሥር የሚሰማኝ ትዝ ይለኛል።

ልብ ልንል የሚገባው ግን እነዚህ ስሞች ሁሉ የተሰማንን እንጂ የሆነውን አይናገሩም። ደረቅ ጭራሮ በሁለት እጅ ይዛችሁ ስታጎብጡት ጥቂት ይታገሣል፤ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ግን እጃችሁን ይነዝረዋል። መንቀጥቀጡ ያ ንዝረት ነው፤ መንስኤው ስብራቱ ነው። ከምድር በታች ያለውም አለት፣ ግራና ቀኙ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተጓዘ ለዘመናት ውጥረት ሲያጠራቅም ኖሮ፣ አንድ ቀን ሲሰበር ወይም በቆየ ስንጥቅ ላይ በድንገት ሲንሸራተት ያን ሁሉ ጉልበት በሞገድ ይለቀዋል።

መንስኤውን በስሙ የያዘልን ቃል «ስምጥ ሸለቆ» ነው፤ ግራና ቀኙ ሲራራቅ መካከሉ ሰመጠ ማለት ነውና። በአፋር እ.ኤ.አ. በ2005 ቅልጥ አለት ከታች ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ሲከፍት፣ ምድሩ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተለያይቷል፤ በዚያውም ሰሞን ተከታታይ ርዕደ መሬት ተመዝግቧል።

ሌላ ጥያቄ፦ «በሬክተር» የምንለውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ የርዕደ መሬትን መጠን የምንገልጥበት መለኪያ ነው፤ ስሙም መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው የአሜሪካዊው ተመራማሪ የቻርልስ ሪክተር ስም ስለሆነ «ሪክተር» ቢባል ይሻላል፤ «ሬክተር» የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ያስመስለዋል። አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1704 ፋሲል ግቢ ያለውን የቀዳማዊ ኢያሱን ቤተ መንግሥት የጎዳው ርዕደ መሬት በቁጥር አልተለካም፤ መለኪያው ገና አልነበረምና።